አንዱን አስቀርልኝ

ይኸውልሽ፣ ግራና ቀበሌ ውስጥ ሁሪያ የምትባል ሴት አለች። ባሏ ሚስባህ ሽንኩርት ያለማል። የመጀመሪያ ልጃቸው ጁነይድ ሳዑዲ እገባለሁ ብሎ ከደላላ ጋር ከወጣ ቆይቷል፤ ባሕሩን ይሻገር አይሻገር የሚያውቅ የለም። ከሱ በታች መንታ አላት፣ አማንና ቶይባ።

ዘንድሮ መንቶቹ ስምንተኛን ጨረሱ። ወልድያ ደግሞ በፈተና ብቻ የሚቀበል ሁለተኛ ደረጃ አለ፤ እዚያ የገባ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ እንደቆመ ነው የሚቆጠረው። አገሩ ሁሉ ልጁን እዚያ ካላስገባሁ ይላል። ሁለቱም ተፈተኑ። ቶይባ ገባች፣ ያውም ከላይ። አማን ግን «ተጠባባቂ አንደኛ» ተባለ።

«ተጠባባቂ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች ሁሪያ።

«ከገቡት አንድ ሰው ከቀረ እኔ እገባለሁ።»

«ካልቀረስ?»

አማን ተነስቶ ወጣ። ከእኩዮቹ ገሚሶቹ የሳዑዲውን መንገድ ጀምረውታል። ለእህቱ ግን «ካልገባሁ እኔም እንደ ጁነይድ ነኝ» ሲላት እናቱ ከጓዳ ሆና ሰማችው። ሚስባህም ደጅ ተቀምጦ ነበር፤ ሰምቷል።

ከዚያ ወዲህ የሁሪያ ዱዓ አንድ ሆነ። ሰግዳ ስትጨርስ እጇን ዘርግታ፣ «ያ ረቢ፣ አንዱን አስቀርልኝ። የማንም ይሁን፣ አንዱን ብቻ» ትላለች።

እየዋለ እያደረ ግን ማን እንደሚቀርላትም ልቧ መረጠ። መርሳ ከተማ ላይ ጋራዥ ያለው ግርማ የሚስባህ ወዳጅ ነው። ልጁ እስራኤል በጭንቅ ነው የገባው። ግርማ ደግሞ አፉ አያርፍም።

«ለመፍቻ ለመፍቻ ከእኔ በላይ ማን ያስተምረዋል? አስቀረዋለሁ!» ይላል።

ሚስቱ ማሚቴ፣ «አንተው በግሪስህ ታጠብ፣ ልጄን ተወው!» ትለዋለች። ሰው ይስቃል። ሁሪያ ግን አልሳቀችም፤ ቃሉን ያዘችበት።

«ግርማን አናግረው እንጂ» አለችው ባሏን። «ላንተ ብሎ የማያደርገው የለም።»

«ነገሩን እኔ እጨርሰዋለሁ። አንቺ አትግቢበት» አላት።

ከዚያ በኋላማ ቤት መቀመጥ ተወ። «የውሃ ሞተሩን ግርማ ጋ ላሠራው» ብሎ ይወጣል፣ ሲመሽ ይገባል። ሞተሩ እንደሆነ ምንም አልነካው፤ ማሳው ዳር ውሃውን ሲተፋ ይውላል። ግርማን እያግባባ እንደሆነ ሁሪያ ገባት፤ በሆዷ ሳቀች።

መርሳ ገበያ ግርማን ስታገኘው ነካ አደረገችው። «ሞተራችንንስ እንዴት አደረግከው?»

«የቱን ሞተር?»

«አብሽር፣ ትንፍሽ አልልም» ብላው ሄደች። ግርማ ራሱን እያከከ ቀረ።

ቀጥሎ ከሲሪንቃ ሦስት ሽማግሌዎች መጡና ከሚስባህ ጋር ደጅ ካለው ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ግርማ የሲሪንቃ ልጅ ነው፤ የቀዬውን ሽማግሌ ቃል አይገፋም። ሁሪያ እርጎ ይዛ ስትወጣ ወሬያቸውን አቆሙ።

«አላህ ልጆችሽን ይባርክልሽ» አሏት አንደኛው።

«አሚን! ነገሩን በመልካም ጨርሱልን፣ አደራ» አለች።

ሽማግሌው ፊታቸው በራ። «አንቺም እንዲህ ካልሽማ አለቀ።»

ሚስባህ መሬት መሬቱን ያያል።

ሳምንት ሳይሞላ ከትምህርት ቤቱ ስልክ ተደወለ። አንድ ተማሪ ስለቀረ አማን ሚስባህ ሰኞ ይምጣ ተባለ። ሁሪያ እልል አለች። ቶይባ ወንድሟ አንገት ላይ ተጠምጥማ፣ «እዚያም አለቅህም፣ መንታዬ! ሂሳብ እንደሆነ ከእኔው ትገለብጣለህ!» አለችው። ልብሱን ያጠፈችለት እሷ፣ ደብተሩን የለበደችለት እሷ።

ሁሪያ ማሚቴን አሰበቻት። የልጇ ዕድል በሌላ ልጅ መቅረት መምጣቱ ሐራም እንዳይሆን ፈራች። ከመጀመሪያው ሽንኩርት አንድ ጆንያ እልክላታለሁ ብላም ተሳለች።

ሚስባህ «አልሀምዱሊላህ» አለና ወጣ። ከገበያ ሲመለስ ለአማን ጫማ፣ ለቶይባ ወርቃማ ጥለት ያለው ሻሽ ይዞ መጣ።

«አባ፣ ይኼን ትምህርት ቤት አያስገቡትም እኮ!» ብላ ቶይባ ሳቀች።

«ይቀመጥልሽ» አላት፣ ፊቷን ሳያይ።

ሰኞ ጠዋት ሁሪያ ጠራችው። «ና እንጂ፣ ልጆችህን አብረን እናድርስ።»

«ዛሬ የውሃ ተራዬ ነው።» ማሳው ውስጥ እንደቆመ ጀርባውን ሰጣቸው። አማን «ቻው አባ» አለ፤ ቶይባም አለች። እጁን ያነሳው አንዴ ነው።

ሦስቱ ወልድያ ሲደርሱ የትምህርት ቤቱ በር በወላጅ ተጨናንቋል። ከሰልፉ መሐል አንድ ልጅ አዲስ ዩኒፎርም ለብሶ ሰላም አላቸው። የግርማ ልጅ እስራኤል ነው።

«አንተ… አልቀረህም እንዴ?» አለች ሁሪያ።

«እኔ? ለምን እቀራለሁ፣ እትዬ ሁሪያ?»

«አባትህስ?»

«እሱማ ሲቀልድ ነው። ያው፣ እናቴ እንዳታለቅስ ይዞልኝ ቆሟል።»

ሁሪያ ዞር ብላ አየች። ግርማ ያችው የጋራዥ ልብሱን እንደለበሰ በሩቁ እጁን ያወዛውዝላታል። እሷም አወዛወዘችለት፣ ግራ እንደገባት።

መምህሩ ስም እየጠሩ ያስገባሉ። «አማን ሚስባህ!» አማን ገባ። ቶይባ ቦርሳዋን አንስታ ተከተለችው። መምህሩ በክንዳቸው ከለከሏት።

«አንቺ ማነሽ?»

«ቶይባ ሚስባህ።»

መምህሩ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። «አንቺ እኮ ነሽ የቀረሽው ልጄ፤ አባትሽ ራሳቸው መጥተው ‹ልድራት ነው› ብለው ፈርመዋል።»