አንድ ጎብኚ

መምህሩ ማስተማር ካቆመ ቆይቷል፤ ስሙ ግን አልለቀቀውም። አከራዩም፣ የሚሠራበት የትርጉም ቢሮ ሰዎችም «መምህር» ይሉታል። እሱም አያርማቸውም። ከዩኒቨርሲቲው ይዞት የወጣው ይኸው ስም ብቻ ነው።

ሌላውን የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ወስዶታል። የመምህሩን የምርምር ጽሑፍ «ገና አልበሰለም» እያለ መሳቢያው ውስጥ አቆየውና በኋላ በራሱ ስም መጽሐፍ አድርጎ አወጣው። መምህሩ አቤት አለ። አቤቱታውን እንዲመረምር የተሰየመው ያው ኃላፊ ነበር። እንዲህ ባለ ቤት ለሌባው ወንበር ይሳብለታል፤ ለተሰረቀበት በሩን ያሳዩታል።

መምህሩ ከሥራ ሲመለስ ጃኬቱን ሳያወልቅ ኮምፒውተሩን ይከፍታል። የሚጽፈው ጌጥ በሌለው የማስታወሻ ፕሮግራም ነው። ርዕስ ሲፈልግ ከፊቱ ኮከብ ያደርጋል፤ ከዚያ ውጪ ሁሉም ተራ ፊደል ነው። ሲጨርስ አንዲት ትእዛዝ ይሰጣል። ፕሮግራሙ ጽሑፉን የድረ ገጽ ቋንቋ ወደሆነው ኤችቲኤምኤል ለውጦ ኢንተርኔት ላይ ወዳለው ገጹ ይልከዋል።

መጀመሪያ የወጣለት ገጽ አስቀያሚ ነበር። ፊደሉ ደቃቃ፣ መስመሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተዘረጋ፣ አናቱ ላይ ደግሞ ያላዘዘው ማውጫ ተጎልቶበታል። የገጹን መልክና አሠራር ከሚያዝዘው የፕሮግራሙ ቅንብር ጋር ሲታገል ሰነበተና ሰለቸው። በመጨረሻ አንድ የማያውቀው ሰው የፈለገ ይውሰድ ብሎ ያስቀመጠውን ቅንብር አገኘ። እንዳለ ገልብጦ ለጠፈው። ከዚያ ሁሉ መስመር የነካው ርዕሱን፣ የጸሐፊውን ስምና የፊደሉን መጠን ብቻ ነው። ገጹ አማረበት።

በዚያው ቀን ከገጹ ግርጌ ያለው የጎብኚ ቆጣሪ ከዜሮ ወደ አንድ ዞረ።

ቆጣሪውን ያስገባችለት ታናሽ እህቱ ናት። ደወለላት።

«አንቺ ነሽ የገባሽው?»

«እኔ ምን ጊዜ አለኝ ጋሼ? ልጆቹ አናቴ ላይ ወጥተው!»

«እኔ ራሴ ስከፍተው ይቆጥራል እንዴ?»

«ያንተን እንዳይቆጥር አድርጌዋለሁ። ራስህን ስትጎበኝ እንዳትውል ብዬ» አለችና ሳቀች።

«እንግዲያው ሰው ነው» አለ መምህሩ።

ማን እንደሆነ ለመገመት አልተቸገረም። ገጹ ከዳር እስከ ዳር ስለ ኃላፊው ነው፤ ከእሱ በቀር ማን ጉዳዬ ይለዋል? ጎብኚው ደግሞ አድፍጦ የሚጠብቅ ዓይነት ነበር። አዲስ ጽሑፍ እንደወጣ ከተፍ ይላል። መምህሩን ጉንፋን ጥሎት ምንም ባልጻፈበት ሳምንት ዝር አላለም። አንድ ቀን መምህሩ ነጠላ ሰረዝ ለማስተካከል ያንኑ ጽሑፍ ደጋግሞ አወጣው፤ ጎብኚውም ደጋግሞ መጣ። መምህሩ ብቻውን ሳቀ። ዕድሜ ልኩን ቀይ ብዕር ይዞ የሰው ነጠላ ሰረዝ ሲያድን የኖረ ሰው ሌላ ማን አለ!

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። የወጋውም አልረሳም ለካ።

እያደር ጽሑፉ ተለወጠ። መጀመሪያ ስድብ ነበር፤ ከዚያ ጥያቄ ሆነ። አንድ ምሽት መምህሩ ሳያስበው ሌላ ነገር ጻፈ። ከኃላፊው ጋር ገና ወዳጆች ሳሉ መምህሩ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ኃላፊው በየቀኑ እየመጣ አልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጥና ብርቱካን ይልጥለት ነበር። ይህንንም አወጣው። ጎብኚው መጣ። ከዚያን ቀን ወዲህ መምህሩ ራቱን የሚበላው ኮምፒውተሩ አጠገብ ሆነ።

እህቱ በሳምንቱ አጋማሽ ደወለች።

«ጋሼ፣ እኛ ጓሮ ያለው ክፍል ተለቀቀልህ። ዕቃህን ይዘህ ና።»

«እስቲ እናያለን።»

«እናያለን ብሎ ነገር የለም። ባለቤቴ እስከ ቅዳሜ ካልመጣ ላከራየው ነው እያለ ነው። ልጆቹ እንደሆኑ የአጎታችን አልጋ በዚህ በኩል ነው፣ በዚያ በኩል ነው እያሉ መደባደብ ጀምረዋል።»

«አሁን አልችልም።»

«ምን ይዞህ? ሚስት የለህ፣ ድመት የለህ!»

«ሰው እየጠበቅሁ ነው።»

«ሴት ናት?» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ምን ሴት! ይቅርታ ሊጠይቀኝ የሚመጣ ሰው ነው። ከዚህ ቤት ሌላ አያውቅልኝም፤ ከወጣሁ ያጣኛል።»

«አድርሶ ይመልስህ አሉ! ይሄን ሁሉ ዓመት ያልመጣ ሰው?»

«እየመጣ ነው» አለ መምህሩ። «በየቀኑ እየመጣ ነው።»

ቅዳሜ እንደገና ደወለች። ከጀርባዋ የልጆቹ ጫጫታ ይሰማል። አንደኛው «መጣ? መጣ?» ይላል።

«ጋሼ፣ አንዲት ነርስ ክፍሉን ልታይ በር ላይ ቆማለች። ምን ልበላት?»

መምህሩ ልጁን ሰማው። ቆጣሪውንም አየ።

«ስጧት» አለ።

እህቱ አልተቆጣችም። ደህና ሁን ብላ ዘጋችው።

እሑድ ጠዋት መምህሩ ጺሙን ተላጨ፤ ሁለተኛውን ወንበር ከነበረበት ጥግ አውጥቶ አቧራውን ጠረገ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። ጎብኚው ምናልባት የሚያፍረው በሩ ይዘጋብኛል ብሎ ይሆናል። ስለዚህ «በሬ ክፍት ነው፤ ቤቴም ያው የድሮው ነው» የሚል ቃል ከእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ ሊያስቀምጥ ፈለገ። ግርጌው የሚታዘዘው ከቅንብሩ ውስጥ ነው። የቱ ጋ እንደሆነ ስላላወቀ ከላይ ጀምሮ ማንበብ ያዘ። ቅንብሩን ያዘጋጀው ሰው ከየመስመሩ በላይ መስመሩ የሚሠራውን ሥራ በአጭሩ ጽፏል። ርዕስ። ጸሐፊ። ማውጫ አይውጣ። የመስመር ስፋት። ገጹን ላክ። መምህሩ የመጨረሻው ላይ ደረሰ።

«ገጹ በወጣ ቁጥር፣ በትክክል መውጣቱን ለማረጋገጥ ፕሮግራሙ ራሱ አንድ ጊዜ ይጎበኘዋል።»