ሁለተኛው ጉርሻ

ቀይ ባሕር ከሞተ በኋላ የተረፉት ዓሦች ለየቤቱ በአደራ ተሰጡ። ለእኛ የደረሰችን ዓሣ ቢጫ ስለሆነች እማዬ ወርቂት አለቻት። ደንቡ አጭር ነው፤ ውኃው አረንጓዴ የሆነበት ቤት ዓሣውን ይነጠቃል።

ዛሬ ጠዋት ስነሳ የገንዳዋን መስታወት አረንጓዴው አልጌ ሸፍኖታል። ውኃውን ብለካው ፎስፌቱ ከልክ አልፏል። ከዓሣ የተረፈ ምግብ ይበሰብስና ፎስፌት ይሆናል፤ አልጌ የሚፋፋው በእሱ ነው። ለዚህ ነው በቀን ከአንድ ቁንጣሪ በላይ የማልሰጣት።

"እማዬ፣ ወርቂትን አብልተሻታል እንዴ?"

"አንቺ ከሰጠሻት በኋላ ትንሽ እጨምርላታለሁ።"

"አንድ ይበቃታል ብዬሽ አልነበር?"

"አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ልጄ። ደግሞስ እንግዳ አይደለች?"

ከሰዓት በኋላ ውኃውን የሚቆጣጠሩ ሁለት ሰዎች መጥተው ወርቂትን በባልዲ ወሰዷት። እነሱም አልተቆጡ፣ እኛም አልለመንን።

ራት ላይ እማዬ እንደ ወትሮዋ አጎረሰችኝ። ሁለተኛውን ጠቅልላ ስታነሳ አፌን ከፈትኩ። እጇ ግን መሃል ላይ ቆመ። ባዶውን ገንዳ አየት አድርጋ ጉርሻውን ትሪው ላይ መለሰችው።

"ይበቃሻል" አለችኝ።