ከሁሉም የጠነከረው ደጋን

ለልጁ ደጋን አሮጌ ጅማት እየቀጠለ የኖረው ሰውዬ፣ ዛሬ በደጋን ሠሪው በጫኔ ደጅ የተደረደረውን አዲሱን ሁሉ እየሳበ አስቸገረ።

«ይኼ ላላ ያለ ነው። ይኼ ደግሞ ይንቋቋል። ልጄ ከእንግዲህ በደጋን ሰበብ ድኩላ አምልጦት አያፍርም።»

«አይ አንተ! ቋጣሪ አንድ ቀን ሲገዛ እንዲህ ያደርገዋል?» ሲል ጫኔ ሳቀ። «ልጁ ራሱ መጥቶ ይሳበው እንጂ!»

ሰውዬው ከሁሉም የጠነከረውን መረጠ። በዋጋም አልተከራከረም። ከፍሎ ሲያበቃ ግን ደጋኑን መልሶ ዘረጋለት።

«ጅማቱን በጥስልኝ። እኔን እጄ እንቢ አለኝ።»

«ምን ነካህ? ጅማቱ የሚበጠሰውማ ከአዳኙ ጋር የሚቀበር ደጋን ነው!»

«አዎ» አለ ሰውዬው። «ቶሎ በልልኝ፣ ቀባሪው ቆሞ እየጠበቀኝ ነው።»