ከትሪው መሃል ወዲህ

ዶክተሯ የላብራቶሪውን ውጤት ደጋግማ አየችና ሳቀች።

«አባባ፣ ስኳርዎ እኮ ወርዷል! ምግብ ስለቀነሱ ጡንቻዎ ለኢንሱሊን መታዘዝ ጀምሯል፤ ስኳሩን ከደም እየወሰደ ነው። ዓመት ሙሉ ለምኜዎት እምቢ ያሉኝን በአራት ወር እንዴት ቻሉት?»

«እንጃ ልጄ፣ ግማሽ ስለምበላ ይሆናል» አሉ ሽማግሌው።

እጃቸውን ይዛ ኮሪደሩ ላይ ተራ ወደሚጠብቁት ሕሙማን አወጣቻቸው። «እኚህ አባት ከቀረበላቸው ግማሹን በልተው ይነሳሉ። ዘዴውን ራሳቸው ይንገሯችሁ!»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው ጠርዙን ያሻሹ ጀመር። በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ሰው ካያቸው ወራት አልፈዋል።

«ዘዴ እንኳ የለውም» አሉ። «እንጀራውን ትሪው ላይ እዘረጋለሁ፣ ወጡን መሃል ላይ አወጣለሁ። ከዚያ በልጅነታችን እንደተማርነው ከፊት ለፊቴ ያለውን ብቻ እበላለሁ። መሃል ስደርስ ተነስቼ እጄን እታጠባለሁ።»

አንዱ ታካሚ ደብተር አውጥቶ ጻፈ። ከበሩ አጠገብ የተቀመጡ ሴትዮ ግን አላመኑም።

«እኔስ የተረፈውን እያየሁ አልችልም! ሲርብዎት እጅዎ ወደ ማዶ አይሄድም?»

ሽማግሌው ክፉ ነገር የተነገራቸው ያህል ደነገጡ።

«ወደ እሷ በኩል? አርባ አንድ ዓመት አብረን ስንበላ ከፊቷ አንስቼ አላውቅም። አሁን ሞተች ብዬ ልጀምር?»