በእሱ ክንድ ልክ

እናት ሐይቁ ዳር ተንበርክካ የሟች ልጇን የነፋስ ሸራ፣ በተንሳፋፊ ሳንቃ ላይ ቆሞ ሐይቁን ይሻገርበት የነበረውን፣ ታሰናዳ ነበር። ልጁን በሽታ ከወሰደባት ወዲህ እንባ እንኳ እምቢ ብሏት፣ እጇ ብቻ ይሠራል። ዛሬ በሸራው የምትንሳፈፈው ታናሽ እህቱ ናት።

«እማዬ፣ ጥብቅ አድርገሽ እሰሪው» አለቻት።

«ጥብቅ ካደረግኩት በቢላ ካልሆነ አይፈታም። ይሄኛው ቋጠሮ ሲጎትቱት ይይዛል፣ በጣት ሲገፉት ይሄዳል» አለችና ከነጂው ወገብ ጋር የሚያያዘውን ገመድ እንደ ቀለበት አጥፋ ከሸራው እጀታ ጋር ቋጠረችው።

ልጅቷ ገመዱ ለክንዷ ልክ መሆኑን ለማየት ክርኗን በገመዱ ውስጥ አስገብታ መዳፏን ወደ እጀታው ዘረጋች። አልደረሰችም። እናቷ ሳይታወቃት በወንድሟ ክንድ ልክ ነበር የቋጠረችው።

ልጅቷ ነገሩ ገባት። ቋጠሮውን በአውራ ጣቷ ቀስ አድርጋ ወደ ራሷ ልክ ገፋችው።

«ደረሰልኝ፣ እማዬ።»

እናት ራሷን ነቀነቀች። ሸራውንም ባንድ ወገን ይዛ ከልጇ ጋር ወደ ውሃው ወረደች።