በመዳፍ የተመረጠ ወለል

ሥራ አስኪያጁ የሳሙና ፋብሪካው በር ሥር ቁጢጥ ብለው፣ ሲሚንቶው ላይ ጎን ለጎን የተቀቡትን ሁለት የወለል ቀለሞች በመዳፋቸው ዳበሱ። "ይሄ ሻካራው ለመወልወል አያመችም። የሚያብረቀርቀው ይሁን፤ ለእንግዳም ዓይን ይስባል" አሉ። የፈረቃ ኃላፊዋ ደሟ ፈላ። ጓደኛዋ አንሸራትቷት ዳሌዋ የተሰበረው እዚሁ በር ላይ ነበር።

"ጋሼ፣ እኛ እኮ በእጃችን አንሄድም!" አለችና የሳሙና ውሃ የሞላ ባልዲ አንስታ ሁለቱም ቀለሞች ላይ ቸለሰችው።

"ምን ነካሽ አንቺ? ብያለሁ፣ የሚያብረቀርቀው ነው!" ብለው በቁጣ ብድግ አሉ። ሊወጡ አንድ እግራቸውን የመረጡት ቀለም ላይ ሲያሳርፉ ሸርተት አለባቸው፤ ቶሎ ሰበሰቡት።

"እስቲ እጅሽን ስጪኝ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ሁለቱንም እጆቿን ኪሷ ከተተችና በአገጯ አመለከተቻቸው።

"በሻካራው ይለፉ፣ ጋሼ።"