ሦስት መቶ የሚችል ጎማ

ሰውየው ጎማ ቤቱ ከገባ ሰዓት ሊሞላው ነው፤ እስካሁን አንዱም ጎማ ዓይኑን አልሞላውም። «ይሄ ለታክሲ ነው፤ ያኛው ለቤተሰብ መኪና!» እያለ ወደ ጎን ይገፋል። የእሷን ነገር አያውቁማ! ገና ስትነሳ ሰው ከወንበር ጋር የምታጣብቅ፣ ጣሪያዋ የሚከፈት ጥቁር የቅንጦት መኪና ናት።

«በሰዓት ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር የሚችል አምጣልኝ» አለው ሻጩን። «ኩርባ ላይ መንሸራተት የለም። ዝናብም ቢሆን ፍሬን ስይዝ ቀጥ ማለት አለበት!»

«የድሮው ጎማ ጥርሱ አለቀ እንዴ ጌታዬ?»

«ጥርሱማ አዲስ ነው። ጎኑ ነው የተሰነጣጠቀው።»

ሻጩ ካሉት ሁሉ ውድ የሆኑትን አራት ጎማዎች አወጣና ከጎሚስታ ጋር ወደ ሰውየው ቤት ላካቸው።

ጎሚስታው ጎማዎቹን አንድ በአንድ በጠባቧ የሰው በር እያንከባለለ አስገብቶ ገጠማቸው። ሰውየው መሪው ጋ ተሰይሞ ሞተሩን ሲያስነሳው ግቢው ተንቀጠቀጠ።

«እስቲ ወጣ አድርገው ይሞክሯት ጋሼ» አለ ጎሚስታው። «መውጫው በየት በኩል ነው?»

ሰውየው በኩራት ወደ ፊት ጠቆመው። የመኪና መውጫው በነበረበት ቦታ፣ ከአጥር እስከ አጥር፣ አራት የሚከራዩ ክፍሎች ተደርድረዋል።

ከአንዱ ክፍል አንዲት ተከራይ ብቅ አለች።

«ጋሼ፣ ዛሬም ሊነዱ ነው?» አለችና፣ ጭሱ ሳይደርስበት ያሰጣችውን ልብስ መሰብሰብ ጀመረች።